ጋሽ ይቅደሙና አሥረኛው ክንድ

በር ባለበት ቦታ ሁሉ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። እጁን ወደ ውስጥ ዘርግቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ይቅደሙ» ይላል። እርስዎም «ኧረ አይገባም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ። እሱ «በፍጹም» ይላል። እርስዎ «እንዴት ተደርጎ» ይላሉ። ከኋላ ዝናብ የሚመታው ሰው ሁለታችሁንም በልቡ ይረግማል። በመጨረሻ የሚገቡት እርስዎ ነዎት፤ እንዲህ ያለውን ሰው በጨዋነት የሚያሸንፍ ገና አልተወለደምና።

የዚህ ጎዳና የማይቀድም ሰው ጸጉር አስተካካዩ ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ግን ከመታወቂያቸውና ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ጋሽ ይቅደሙ» ብሎ ሾማቸው፣ እሳቸውም ሹመቱን ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበሉ። ምናልባት በሕይወታቸው ሌላ ሰው ሳያስቀድሙ የተቀበሉት ብቸኛው ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

አውቶቡስ ሲመጣ ጋሽ ይቅደሙ ፌርማታው ላይ ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ። አውቶቡሱ ሲሄድም እዚያው ይገኛሉ። መጀመሪያ እናቶችን ያሳፍራሉ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎችን፣ ከነዚህ አብዛኞቹ በዕድሜ የሳቸው ታናሾች ናቸው፣ ቀጥሎ ተማሪ፣ ቀጥሎ ዕቃ የያዘ፣ ቀጥሎ የቸኮለ። የማይቸኩል ሰው ደግሞ በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ግድ የለም፣ እኔ እደርሳለሁ» ይሉና በእግራቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ የንግድ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሰው ተራቸውን ለሰው ሲያድሉ፣ በአራተኛው ቀን የጥበቃ ሠራተኛው ራሱ ክንዳቸውን ይዞ መስኮቱ ላይ አቁሟቸዋል ይባላል።

ባለቤታቸው ይህን ነገር ሲያስረዱ እንደ ቀኑ ነው። ደስ ያላቸው ቀን «እናቱ ሁለት ቀን ያማጡት፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ አዋላጇን ይቅደሙ ሲል ነው» ይላሉ። የከፋቸው ቀን ደግሞ «እኔን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት በሩ ላይ ሌላ ሰው ቢያገኝ ኖሮ፣ ዛሬ የማላውቀው ሰው ሚስት ነበርኩ» ይላሉ። ጋሽ ይቅደሙ ሁለቱንም ሰምተው ፈገግ ይላሉ፤ በቤት ውስጥ ክርክርም ሌላውን ነበር የሚያስቀድሙት።

እንግዲህ ኮሮና የመጣው እኚህ ሰው ወዳሉበት ጎዳና ነው። ሱቁ መቼም እንደ ወትሮው አልቀጠለም። ከሁለቱ የመላጫ ወንበሮች አንዱ በርቀት ደንብ ምክንያት በፎጣ ተሸፈነ፤ ሌላው ላይ የሚቀመጥ ሰው ቀነሰ። ከዚያ የሞት ወሬ ከሩቅ ወደ ቅርብ እየመጣ፣ መጀመሪያ ከሌላ ከተማ፣ ቀጥሎ ከሌላ ሰፈር፣ በመጨረሻ ከማዶ ካለው ሕንፃ ይሰማ ጀመር። ክትባት የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ከጸጉር ቤቱ መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ ጤና ጣቢያው አለ። እዚያ ክትባት የምትሰጠውን ነርስ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ባልደረባዋ ታማ ከቀረች ወዲህ መዝጋቢም ወጊም ወለል ጠራጊም እሷው ነበረች። ፈጣን ናት፣ ቆጣ ትላለች፣ እጇ ግን ቀላል ነው፤ ወግታ ጨርሳ ጥጡን ስታስይዝ ነው ብዙ ሰው «ጀመርሽ?» የሚላት።

ክትባቱ የሚመጣው በትንንሽ ብልቃጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ይበቃል። አንዴ ከተከፈተ ግን ስድስት ሰዓት ነው ዕድሜው፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ ከበላይ የመጣው መመሪያ አጭር ነበር፤ አሥር ሰው ሳይሞላ ብልቃጥ እንዳይከፈት። ሲስተርም የደጁ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተራርቀው እንዲቀመጡ አሥር ምልክት በነጭ ቀለም አደረገች።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰዎች መጡ። እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሦስት ጎደለና ነገ ተመለሱ ተባሉ። በማግስቱ የተመለሱት አራት ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ያደሩት ከወሬ ጋር ነበር።

ወሬው ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ነበር። ደም ያረጋል የሚል አለ፤ ያመክናል የሚል አለ። ታች ያለው አናጺ፣ የተከተበ ክንድ ብረት ይስባል ሲባል ሰምቶ ከተከተበ ጎረቤቱ ዘንድ ማንኪያ ይዞ ሄደ። ማንኪያው ሲወድቅበት «ይሄ ማንኪያ ደህና ብረት አይደለም» ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት በበኩሏ «መከተቡንስ እከተብ ነበር፤ ብሞት ዳቦውን ማን ይጋግረዋል?» አለች። ባትከተብና ብትሞት ማን እንደሚጋግረው የጠየቃት የለም። ሲስተር ለእያንዳንዱ ወሬ የታተመ ወረቀት ነበራት። ወረቀቱን ሁሉም በአክብሮት ይቀበላል፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ሄዶም አይመለስም።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ሲስተር በመስኮት ስትመለከት ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። ጫፍ ላይ፣ አሥረኛው ምልክት ላይ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ማስካቸው በካውያ የተተኮሰ የሚመስል፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ጋሽ ይቅደሙ ናቸው። ሲስተር ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ብልቃጡን ከፈተች።

አንድ በአንድ ገቡ። ዘጠነኛው ወጥቶ የሳቸው ተራ ሲደርስ አንዲት ልብስ አጣቢ ዘንቢሏን ይዛ ከመንገድ ብቅ አለች። ጋሽ ይቅደሙ ብድግ አሉ።

«ይቅደሙ እመቤቴ» አሉ።

«ኧረ እኔ ዝም ብዬ ላይ ነው የመጣሁት፤ ደግሞ ተራዎ ነው።»

«ዘንቢል ይዘው ቆመውማ አይሆንም። ግድ የለም፣ እኔ እደርሳለሁ።»

ሴትየዋ እንዴት እንደገባች ሳታውቀው ተከትባ ወጣች። ሲስተር በር ላይ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ እንግዲህ ነገ» አለቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አነሣ አድርገው ሰላምታ ሰጥተዋት ሄዱ። በማግስቱ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ፤ እንደ ደንቡ ከፊታቸው አስቀመጧቸው፣ አስከተቧቸው፣ ከዚያ አንድ የሸመገሉ ዘበኛ ሲመጡ ተራቸውን ለሳቸው ሰጥተው፣ የባለቤታቸውን ክንድ ደግፈው ወደ ቤት ተመለሱ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ተራ ወግ ነበር። ግን የጸጉር አስተካካይ ሥልጣን ቀላል አይደለም። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው አይከራከርም። ጋሽ ይቅደሙ አገጩን በሁለት ጣት ቀና አድርገው «ጤና ጣቢያ ሄድክ?» ይላሉ። ሰውየው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «አልሄድኩም» ይላል። «እኔማ በየቀኑ እየሄድኩ ነው» ይላሉ ምላጩን እየጠረጉ። ውሸት የለበትም። በማግስቱ ሰውየው ንጹሕ አገጩን ይዞ አግዳሚው ወንበር ላይ ይገኛል፤ ጫፉ ላይም ጋሽ ይቅደሙን ያገኛል። ጋሽ ይቅደሙ ከተቀመጡበት ቦታ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ሲስተርም ለመደችው። ማለዳ መጋረጃውን ገለጥ ታደርጋለች፣ ባርኔጣውን ታያለች፣ ዘጠኝ ሰው ካለ አሥር ብላ ትከፍታለች። አሥራ አንደኛ ሰው ከመጣ ጋሽ ይቅደሙ ያስቀድሙታል። ካልመጣ ደግሞ ድንገት አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ውኃ ጥደው ነበር። አንድ ቀን ሱቁን ሳይቆልፉ መጥተዋል። አንድ ቀን ደግሞ ደንበኛ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ እየጠበቃቸው ነበር፤ ሲስተር ይህን ስትሰማ ስለ ሰውየው ከልቧ አዘነች። የቀረውን አንድ ጠብታ ትጥልና ቅጹ ላይ «የባከነ፦ 1» ብላ ትጽፋለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የክትባት ሥራው አስተባባሪ ከዋናው ቢሮ ደወለ።

«ሲስተር፣ ይሄ በየጊዜው አንድ አንድ የሚባክንብሽ ምንድነው?»

«አንድ ሰው እየቀረብኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ያው ሰው ነው?»

ሲስተር ልትስቅ አፏን ከፍታ ሳቁ ቀረባት። ስልኩን ዘግታ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አናጺው የለም፣ እሱስ አልመጣም። ልብስ አጣቢዋ አለች፣ ዘበኛው አሉ፣ የጋሽ ይቅደሙ ባለቤት አሉ። ከሳቸው ምላጭ ሥር የመጣው ጎረምሳና ጎልማሳ ሁሉ አለ። የስድሳ ሰባት ዓመቱ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ላይ ተደፍተው የሚውሉት ሰው ግን የሉም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄደች። ጋሽ ይቅደሙ አንድም ጸጉር የሌለበትን ወለል እየጠረጉ ነበር። ሲያዩአት መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፈው ያልተሸፈነውን ወንበር በፎጣ አራገፉላት። ሲስተር አልተቀመጠችም፤ ከቦርሳዋ የታተሙትን ወረቀቶች አወጣች።

«ጋሼ፣ ከወሬው የቱን ነው የፈሩት? ደም ይረጋል የሚሉትን ነው?»

«ወሬውንስ አላምነውም፣ ልጄ። ባምነው ባለቤቴን ይዤ እመጣ ነበር?»

«ታዲያ ምንድነው?»

ጋሽ ይቅደሙ መስታወቱን ተመለከቱ፤ በመስታወቱ ውስጥ እሷን ማየት ከፊት ለፊት ከማየት ሳይቀልላቸው አልቀረም።

«እፈራለሁ» አሉ። «ምክንያት የለውም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። መርፌው ጋ ስደርስ ጆሮዬ ይጮኻል፤ እግሬ ወደ መጣበት ይመልሰኛል። ሁሌ ማለዳ ዛሬስ ብዬ ነው ልብሴን የምለብሰው። ሳሳልፍ ያየኝ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው ይላል። እኔም ዝም እላለሁ።»

«አውቶቡሱስ ጋሼ? እሱም በፍርሃት ነው?»

«አውቶቡሱማ ከልቤ ነው» አሉ፣ ትንሽ ከፍቷቸው።

ሲስተር በእጇ የያዘቻቸውን ወረቀቶች አየች። ለደም መርጋት አለ፣ ለመምከን አለ፣ ለማንኪያው እንኳን አለ። ዝም ብሎ ለሚፈራ ሰው የተጻፈ ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ አሥራ አራት ብልቃጥ ተደርድሯል። ሱቁ ባዶ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ የሚያያቸው የለም። እጃቸውን ይዛ መቶ እርምጃ ብትወስዳቸው፣ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ይሄዱላት ነበር። ግን እሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ መመሪያው ደግሞ አሥር ይላል።

«ሰው ይሄን ከሚሰማብኝ መምጣቴን ልተወው ወይ?» አሉ ጋሽ ይቅደሙ።

ሲስተር ያሰበችው የነገውን አግዳሚ ወንበር ነው። እሳቸው ከቀሩ ሰው ለምን ቀሩ ይላል። ለምን ቀሩ ካለ ደግሞ ሌላ ወሬ ይወለዳል።

«አይ ጋሼ፣ ይምጡ። እርስዎ ሲኖሩ ነው ሰው የሚመጣው። የደፈሩ ቀን ይገባሉ።»

«ለማንም አትንገሪብኝ።»

«አልናገርም።»

ጋሽ ይቅደሙ ከትከሻቸው ላይ ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። እስከ በሩ ሸኝተዋትም፣ ያው እንደ ልማዳቸው፣ አስቀድመው አስወጧት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦች ሆኑ ማለት ይቻላል። ጋሽ ይቅደሙ አሥረኛ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ሲስተር ብልቃጡን ትከፍታለች፣ እሳቸው ደግሞ ጠብታው እንዳይጣል ወደ መንገዱ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን በጨዋነት እየጎተቱ ያመጡላታል። ደብዳቤ አድራሹን አመጡ፤ ቧንቧ ሠራተኛውን ከነመሣሪያው አመጡ። ቅጹ ላይ የባከነው ዜሮ ሆነ፤ አስተባባሪውም ደውሎ አመሰገናት። ሲስተር ምስጋናውን ተቀበለች። ስለ ሰውየው ያሰበችባቸው ማለዳዎች ነበሩ፤ ግን ሥራው ብዙ ነው፣ ሰው እየመጣ ነው፣ ባርኔጣውም በቦታው አለ። ነገ ይደፍሩ ይሆናል ትላለች።

አንድ ሰኞ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ አሥረኛው ምልክት ባዶ ሆነ። ዘጠኙ እስከ ረፋድ ጠበቁ። «ጋሽ ይቅደሙ ዛሬ የት ሄዱ?» አለ አንዱ። «አውቶቡስ እያሳፈሩ ይሆናል» አለ ሌላው፤ ሳቁ። ሲስተር ከውስጥ ሰማቻቸው፤ አልሳቀችም። ጋውኗን ሳታወልቅ ወደ ቤታቸው ሮጠች። ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አድርገው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ እንደሚያተኩሳቸው፣ ትንፋሽ እንዳጠራቸው፣ ማለዳውን ወደ ሆስፒታል እንደወሰዷቸው ነገሯት።

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። ሲስተር በሙያዋ ለምና አንድ ቀን ኮሪደሩ ድረስ ገባች። በመስታወቱ ውስጥ ያየችው የኦክስጅን ጭምብልና ያልተላጨ ጺም ነው። ጺማቸውን አድጎ አይታው አታውቅም። አላዩአትም። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ።

ጎዳናው አለቀሰላቸው። ማልቀስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ግቢው ውስጥ ተራርቆ ተቀምጦ ማሰብ ጀመረ፤ ተሰብስቦ የሚያስብ ሰው ደግሞ ያስፈራል። ጋሽ ይቅደሙ ሞቱ። ጋሽ ይቅደሙ ደግሞ ጤና ጣቢያ በየቀኑ ይሄዱ ነበር። የቀረውን ሁሉም በየልቡ ደመረው።

«ተከትበው እኮ ነው» አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት።

«አብዝተውታል» አለ አናጺው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዓይናችን አይተን የለ? ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ። ከሃያ ጊዜ በላይ ሳይወጉ አይቀሩም።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ሲስተር ጥግ ተቀምጣ ሰማችው። አልናገርም ብላለች። የተገባ ቃል አለ፤ ከቃሉ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አልተከተቡም ካለች፣ ታውቂ ነበር ወይ ብለው ይጠይቋታል። ታውቅ ነበር።

በማግስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተገኘ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ነጩ ምልክት ብቻ። በአምስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት ዋለ፤ ባለቤቷ በአምቡላንስ ሄደች ተባለ። ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ሲስተር ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

ባለቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። የባላቸውን ሸሚዞች እያጣጠፉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለች ሲስተር። «ጋሼ አልተከተቡም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሳይዞሩ።

«ነገሩዎት እንዴ?»

«እሱ መች ይነግራል። ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ክንዱ ላይ ጥጥ ለጥፎ ይመጣ ነበር፣ ለኔ ማሳያ። የናንተ ጥጥ አልኮል አልኮል ነው የሚለው፤ እኔን ወግተሽኝ የለ? የሱ ጥጥ የጺም ሽቶ ይሸታል። ከሱቁ ነው ቆርጦ የሚለጥፈው።» የያዙትን ሸሚዝ እጅጌ በመዳፋቸው አስተካከሉ። «አላሳፍረውም ብዬ ዝም አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አሳፍሬው አላውቅም።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለች ሲስተር። «ነግረውኛል። ልተወው ወይ ሲሉኝ ይምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወንበሩ እንዲሞላልኝ ብዬ።»

 ባለቤታቸው ሸሚዙን አስቀምጠው ዞረው አዩአት። ሲስተር እንዲቆጧት ፈልጋ ነበር፤ ወይም አይዞሽ እንዲሏት። ሁለቱንም አላደረጉም።

«ሁለታችንም አከበርነው» አሉ በመጨረሻ። «አክብረን ገደልነው።»

«ሰው በክትባቱ ሞቱ እያለ ነው፣ እትዬ። የሚከተብ ጠፋ። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው፣ እርስዎ ከፈቀዱልኝ።»

«ፈሪ ነበር ልትይ ነው?»

ሲስተር ዓይኗን ወደ ካርቶኑ መለሰች።

«ሂጂ አሁን፣ ልጄ» አሉ ባለቤታቸው። ካርቶኑን ዘግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ማለዳ ሲስተር ወደ ሥራ ስትወርድ የተዘጋው ጸጉር ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ቆሟል። በሩ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ ትልልቅና የተንጋደደ ነው። አናጺው ጮክ ብሎ ለሌሎቹ እያነበበላቸው ነበር።

«ባለቤቴ ክትባት አልወሰደም። ፈርቶ ነው። ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ነበር እንጂ አንድም ቀን አልገባም። የሞተው በበሽታው ነው። መፍራት ነውር አይደለም፤ ደግ ሰው ነበር። ሌላ ወሬ ያለው እኔ ዘንድ ይምጣ። ባለቤቱ።»

አናጺው አንብቦ ጨረሰና ከመጀመሪያው እንደገና አነበበው፣ አሁን ግን ለራሱ። ሲስተር አንድ ሰው ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የሳቀ የለም። ያ ሁሉ ሰው ስድስት ሳምንት ሙሉ በጋሽ ይቅደሙ ድፍረት ሲቀና ነው የከረመው። አንድ በአንድ እያሉ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ተበተኑ።

ያን ቀን የጤና ጣቢያው ደጅ ጭር ብሎ አረፈደ። ሲስተር በመስኮቱ አሥር ጊዜ ተመለከተች። እኩለ ቀን ሲቃረብ አናጺው መጣ። አግዳሚው ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ በቀጥታ በሩ ላይ መጥቶ በአንድ እጁ መቃኑን ያዘ። የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ አለ።

«ስንት ሰው ይጎድላል?» አለ።

«ዘጠኝ።»

«እሱን እስክትጠብቂ ከተቀመጥኩ እሄዳለሁ፣ ሲስተር። እንደሄድኩም እቀራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ትፈራለህ?»

አናጺው መቃኑን የያዘበትን እጁን አየው። «እፈራለሁ» አለ።

ሲስተር ወደ ፍሪጁ ሄደች፣ አንድ ብልቃጥ አወጣች፣ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ሰውየው ክንዱን ሲሰጣት በግራ እጇ አጥብቃ ያዘችው፤ ከወጋችው በኋላም ትንሽ ቆይታ ነው የለቀቀችው። እስከ ማምሻው ሌላ ሰው አልመጣም። የቀረውን ጣለችና ቅጹ ላይ «የባከነ፦ 9» ብላ ጻፈች።

አስተባባሪው ሳይውል ሳያድር ደወለ።

«ሲስተር፣ ዘጠኝ ነው የሚለው። ተሳስተሽ ነው አይደል?»

«አልተሳሳትኩም።»

«ለአንድ ሰው ብለሽ ብልቃጥ ከፈትሽ?»

«ለአንድ ሰው» አለች። አስተባባሪው ስለ መመሪያው ሊያስታውሳት ጀመረ፤ እስኪጨርስ ሰማችው። በሐሳቧ ግን ያንን ባዶ ሱቅ ነበር የምታየው፤ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ወንበሩን በፎጣ እያራገፉ «ተቀመጪ» የሚሏትን ሰው። ክፉኛ ተናደደችባቸው። አንድ ጊዜ እንኳን፣ አንዲት ሰከንድ፣ ከሰው ቀድመው ቢገቡ ምን ነበረበት። ከዚያ ንዴቱ ሲበርድላት፣ እንዴት አድርጋ ትወዳቸው እንደነበር ገባት።

«ነገም አንድ ሰው ብቻ ከመጣ እከፍታለሁ» አለችው፣ ስልኩንም ዘጋች።